ፒኤች 7 ላይ የሄሞግሎቢን ፔፕታይድ ስሌቴ ከመምህሬ መልስ ጋር አልገጥም አለኝ

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት የባዮኬሚስትሪ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። መምህራችን ሁለት ፔፕታይዶችን ሰጥተውን በተለያየ ፒኤች ላይ የሚኖራቸውን የተጣራ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ቻርጅ፣ እንድናሰላ አዘውናል። የመጀመሪያው ከጤናማ ሰው ሄሞግሎቢን የቤታ ሰንሰለት መነሻ ላይ ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ቆርጦ የሚያወጣው ባለ ስምንት አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉ ቫሊን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ላይሲን ነው። ሁለተኛው የሲክል ሴል ሕመም ካለበት ሰው ሄሞግሎቢን የሚገኘው አቻው ነው፤ ልዩነቱም በ6ኛው ቦታ ላይ በግሉታሚክ አሲድ ፈንታ ቫሊን መግባቱ ብቻ ነው።

የተሰጡን የፒኬኤ ዋጋዎች (ፒኬኤ ማለት ከአንድ ኬሚካላዊ ቡድን ግማሹ ፕሮቶኑን የሚለቅበት ፒኤች ነው) ለመነሻው አሚን 8.0፣ ለመድረሻው ካርቦክሲል 3.7፣ ለግሉታሚክ አሲድ 4.3፣ ለሂስቲዲን 6.5፣ ለላይሲን 10.4 ናቸው። ክፍል ውስጥ «ፒኤች ከፒኬኤ ከበለጠ ቡድኑ ፕሮቶኑን ይለቃል» ተብለን ስለተማርን፣ ፒኤች 7 ላይ ለመነሻው አሚን +1፣ ለላይሲን +1፣ ፒኬኤው ከ7 በታች ለሆነው ሂስቲዲን −1፣ ለሁለቱ ግሉታሚክ አሲዶች −2፣ ለመድረሻው ካርቦክሲል −1 ሰጥቼ ለጤናማው −2፣ ለሲክል ሴሉ ደግሞ −1 አገኘሁ። የመምህራችን መልስ ግን −0.85 እና +0.15 ነው።

ስህተቴ የት ላይ እንደሆነ ብታሳዩኝ በጣም አመሰግናለሁ። ከዚህ ሌላ ያልገቡኝ ሦስት ነገሮች አሉ። ፕሮቶን ተቆርሶ የማይሰጥ ነገር ሆኖ ሳለ ሙሉ ቁጥር ያልሆነ ሙል ምን ማለት ነው? ፒኤች 7 ገለልተኛ ከተባለ ፔፕታይዱ ለምን ገለልተኛ አይሆንም? ፒኤች 2 ላይ ደግሞ የሁለቱ መልስ +2.97 እና +2.98 ስለሆነ ልዩነታቸው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ የአሚኖ አሲዱ ልዩነት እዚያው እያለ የሙል ልዩነቱ ወዴት ሄደ?

መልስ፦ የባዮኬሚስትሪ መምህር

ውድ ጠያቂ፣ አሠራርዎን ደረጃ በደረጃ ስለጻፉልን ስህተቱን ለማግኘት አላስቸገረም። ያለው አንድ ቦታ ላይ፣ ሂስቲዲን ላይ ነው። «ፕሮቶን ይለቃል» የሚለውን «ኔጋቲቭ ይሆናል» ብለው ተርጉመውታል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ፕሮቶን ሲሄድ አንድ ፖዘቲቭ ሙል ይዞ ስለሚሄድ የቡድኑ ሙል በአንድ ይቀንሳል፤ ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደሚወርድ የሚወስነው ግን ቡድኑ ፕሮቶኑን ይዞ ሳለ የነበረው ሙል ነው። ካርቦክሲል ፕሮቶኑን እንደያዘ ዜሮ ስለሆነ ሲለቀው −1 ይሆናል። የሲስቴይን ሰልፈርና የታይሮሲን ሃይድሮክሲልም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ እነርሱ የሚለቁት ግን ፒኤች 8.6 እና 9.8 ገደማ ላይ ነው። የመነሻው አሚን፣ ላይሲን፣ አርጂኒንና ሂስቲዲን ግን ፕሮቶኑን እንደያዙ +1 ስለሆኑ ሲለቁት ዜሮ ይሆናሉ እንጂ ከዜሮ በታች አይወርዱም። እኔ ተማሪዎቼን ፒኬኤውን ከማየታቸው በፊት በእያንዳንዱ ቡድን ስር «ከፕሮቶን ጋር» እና «ያለ ፕሮቶን» ብለው ሁለቱን ሙሎች እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ይህን ያደረገ ተማሪ በሂስቲዲን ሲሳሳት አላየሁም።

ለሂስቲዲን −1 የሰጡትን ዜሮ ቢያደርጉት ውጤትዎ −1 እና 0 ይሆናል፤ ይህም ከመምህርዎ መልስ የራቀ አይደለም። የቀረው 0.15 የሚመጣው ፒኬኤ በር እንደሚዘጋ መቀርቀሪያ ስላልሆነ ነው። ፒኤች ከፒኬኤ ጋር እኩል ሲሆን ከሞለኪውሎቹ ግማሹ ፕሮቶኑን ይዟል፤ ፒኤች በአንድ ሲበልጥ የያዘው ወደ 9 ከመቶ ይወርዳል፤ በሁለት ሲበልጥ 1 ከመቶ፣ በሦስት ሲበልጥ ደግሞ ከሺህ አንዱ ብቻ ይቀራል። ቀመሩ ከሄንደርሰንና ከሃሰልባልክ እኩልታ የሚወጣ ነው፦ ፒኬኤውን ከፒኤቹ ይቀንሱ፣ 10ን በዚያ ቁጥር ኃይል ያሳድጉ፣ 1 ይደምሩ፣ ከዚያም 1ን ለውጤቱ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ፕሮቶኑን የያዘው ክፍልፋይ ነው። ለሂስቲዲን ልዩነቱ 0.5 ስለሆነ 10 በ0.5 ኃይል 3.16 ይሰጣል፤ 1 ሲደመርበት 4.16፤ 1 ለ4.16 ሲካፈል 0.24። ለመነሻው አሚን በዚሁ መንገድ 0.91 ይወጣል፤ ላይሲን ሙሉ በሙሉ 1 ነው ማለት ይቻላል። የፖዘቲቩ ድምር 2.15 ይሆናል። ከኔጋቲቩ በኩል ሦስቱም ካርቦክሲሎች ከፒኬኤያቸው ሁለት ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለራቁ ድምራቸው 3.00 ሊባል ይችላል፤ 2.15 ሲቀነስ 3.00 ደግሞ −0.85 ነው። በሲክል ሴሉ ፔፕታይድ ውስጥ አንድ ካርቦክሲል ስለጎደለ 2.15 ሲቀነስ 2.00፣ ማለትም +0.15 ይሆናል።

ሙሉ ቁጥር ስላልሆነው ሙል ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። በእርግጥም ፕሮቶን አይቆረስም፤ 0.24 የተባለው አማካይ ነው። መቶ ሞለኪውሎችን በአንድ ቅጽበት ብናያቸው በ24ቱ ላይ ሂስቲዲኑ ፕሮቶን ይዟል፣ በ76ቱ ላይ አልያዘም። ጥቂት ቆይተን ብንመለከት ቁጥሩ ያው ሆኖ ያዦቹ ሌሎች ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሞለኪውል በአንድ ሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ፕሮቶን ይቀበላል፣ ይለቃልም። ኤሌክትሮፎሬሲስ፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ መስክ እየጎተቱ የመለያው ዘዴ፣ ደግሞ ሞለኪውሉን ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ስለሚጎትተው የሚሰማው የቅጽበቱን ሙል ሳይሆን ይህን አማካይ ነው።

«ገለልተኛ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ፒኤች 7 ገለልተኛ የሚባለው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖች መጠን እኩል የሚሆንበት ነጥብ ስለሆነ ነው፤ ስለ ውሃው እንጂ ስለ ፔፕታይዱ የሚነግረን ነገር የለም። ፔፕታይዱ የራሱ ገለልተኛ ነጥብ አለው፤ እርሱም ኢሶኤሌክትሪክ ነጥብ ይባላል። በተሰጡዎት ዋጋዎች ሲሰላ ይህ ነጥብ ለጤናማው 5.6 ገደማ፣ ለሲክል ሴሉ 7.25 ገደማ ነው። ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለ በማንኛውም ፒኤች ላይ ጤናማው ፔፕታይድ ወደ አኖድ (ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ)፣ የሲክል ሴሉ ወደ ካቶድ (ወደ ኔጋቲቩ ጫፍ) ይጓዛል፤ በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሞለኪውሎች ፊታቸውን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራሉ። ለእኔ ይህ በባዮኬሚስትሪ ውስጥ ካሉት እጅግ ውብ ነገሮች አንዱ ነው።

የፒኤች 2 ጥያቄዎም ከዚሁ ይፈታል። በሁለቱ ፔፕታይዶች መካከል ያለው የሙል ልዩነት ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ካርቦክሲል ነው። ፒኤች 2 ላይ ይህ ካርቦክሲል ከፒኬኤው በ2.3 ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ 99.5 ከመቶው ፕሮቶኑን እንደያዘ ነው፤ ፕሮቶኑን የያዘ ካርቦክሲል ሙል የለውም፣ ቫሊንም ሙል የለውም። ፒኤች 4.3 ላይ የልዩነቱ ግማሽ ይገለጣል፣ ፒኤች 6 ላይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉው። ስለዚህ ልዩነቱ የትም አልሄደም፤ በአሲድ ውስጥ ግን ኤሌክትሪክ ሊያየው አይችልም።

መልስ፦ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ላይ የዚህን ፔፕታይድ ታሪክ ልጨምር፤ የተሰጣችሁ ምሳሌ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ላይነስ ፖውሊንግ ከኢታኖ፣ ከሲንገርና ከዌልስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1949 የሲክል ሴል ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ከጤናማው በተለየ ሁኔታ እንደሚጓዝ ሲያሳይ፣ አንድ በሽታ በአንድ ሞለኪውል ላይ ካለ ልዩነት ጋር በግልጽ ተያያዘ። የሁለቱ ሙሉ ሄሞግሎቢኖች ኢሶኤሌክትሪክ ነጥብ ግን የሚለያየው በ0.2 ገደማ ብቻ ነበር። በፔፕታይዱ ላይ 1.65 የደረሰው ልዩነት በሙሉው ፕሮቲን ላይ ይህን ያህል ያነሰው ሙሉው ሄሞግሎቢን ብዙ ሂስቲዲኖችና ሌሎች ቡድኖች ስላሉት ነው፤ ሁለቱ ቤታ ሰንሰለቶች ሁለት ኔጋቲቭ ሙል ሲያጡ፣ ያን ለማካካስ ፒኤቹ ትንሽ ከፍ ቢል ብዙዎቹ ቡድኖች በጥቂት በጥቂቱ ፕሮቶን እየለቀቁ ሚዛኑን ይመልሱታል። በትንሹ ፔፕታይድ ውስጥ ግን የሚያካክስ ብዙ ቡድን ስለሌለ ፒኤቹ ሩቅ መሄድ አለበት።

ቨርነን ኢንግራም እ.ኤ.አ. በ1956 ካምብሪጅ ውስጥ ሄሞግሎቢኑን በትሪፕሲን ቆራርጦ፣ ቁርጥራጮቹን በወረቀት ላይ በአንድ አቅጣጫ በኤሌክትሪክ፣ በሌላው አቅጣጫ በክሮማቶግራፊ ሲለያያቸው፣ ከ30 ገደማ ነጥቦች መካከል ቦታውን የለወጠው አንዱ ብቻ ነበር። ያ ነጥብ እናንተ አሁን የምታሰሉት ፔፕታይድ ነው። በዓመቱ በ1957 ለውጡ የግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካት መሆኑን አስታወቀ።

ዛሬም በኤሌክትሮፎሬሲስ የሚሠሩ ላብራቶሪዎች ሄሞግሎቢን ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት በፈር (ፒኤችን ጠብቆ የሚያቆይ ሙሙት) ፒኤቹ ከ8.4 እስከ 8.6 የሆነ ነው። በዚያ ፒኤች ላይ ሁሉም የሄሞግሎቢን ዓይነቶች ኔጋቲቭ ስለሚሆኑ ወደ አኖድ ይሄዳሉ፤ የሲክል ሴሉ ሄሞግሎቢን ኤስ አንድ ኔጋቲቭ ሙል በየቤታ ሰንሰለቱ ስለጎደለው ከጤናማው ሄሞግሎቢን ኤ ኋላ ይቀራል፤ በዚያው በ6ኛው ቦታ ላይ ላይሲን የገባበት ሄሞግሎቢን ሲ ደግሞ ሁለት ስለሚጎድለው ከሁለቱም ኋላ ይቀራል። ሆኖም ሙል ሁሉንም አይናገርም። ሄሞግሎቢን ዲ ፑንጃብ በተባለው ላይ የተለወጠው 121ኛው ግሉታሚክ አሲድ ሆኖ የተተካውም በግሉታሚን ስለሆነ የሙል ለውጡ ከኤስ ጋር አንድ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱ እላዩ ላይ ተደራርበው ይታያሉ፤ ያለ ሌላ ምርመራ «ኤስ ነው» ብሎ ውጤት መጻፍ ሰውን ይጎዳል።

ከሥራ ልምዴ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ ላብራቶሪ በፈር ለመቆጠብ ሲባል አንድ በፈር ደጋግመን እንጠቀም ነበር፤ መስመሮቹ ከቀን ወደ ቀን እየተጠጋጉ ሄደው ኤስን ከኤ ለመለየት እስክንቸገር ድረስ ምክንያቱን አላወቅንም ነበር። ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ በአኖዱ በኩል አሲድ፣ በካቶዱ በኩል ቤዝ ይፈጠራል፤ በፈሩ ሲደክም ፒኤቹ ይሸሻል፣ ፒኤቹ ሲሸሽ የሞለኪውሎቹ ሙልም አብሮት ይሄዳል። ትሪስ የተባለውን በፈር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ፤ ፒኤቹ በየዲግሪው 0.03 ገደማ ስለሚቀንስ፣ በ25 ዲግሪ 8.0 ተደርጎ የተዘጋጀው 4 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ 8.6 አካባቢ ይደርሳል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሂስቲዲኑን አስተካክዬ ፒኤች 11 ላይ በራሴ ሳሰላ ለጤናማው −2.80፣ ለሲክል ሴሉ −1.80 አገኘሁ። ኢሶኤሌክትሪክ ነጥቡን ግን ሙሉ ሙሉ ቁጥር እየሰጠሁ፣ ፔፕታይዱ ከ+3 ተነሥቶ ዜሮ ላይ የሚደርስበትን ቦታ ግራና ቀኝ የሚያዋስኑትን ሁለት ፒኬኤዎች አማካይ ወስጄ ነበር የሠራሁት። ለሲክል ሴሉ የ6.5 እና የ8.0 አማካይ ልክ 7.25 ሆነልኝ፤ ለጤናማው ግን የ4.3 እና የ6.5 አማካይ 5.4 ነው እንጂ 5.6 አይደለም። ዘዴው ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ለምን አልሠራም? በተጨማሪም በሚቀጥለው ሳምንት በፋብሪካ የተሠራ ፔፕታይድ በዱቄት መልክ ተሰጥቶን እንድናሟሟ ስለተነገረን ምን ዓይነት ፈሳሽ ብጠቀም ይሻላል?

መልስ፦ የባዮኬሚስትሪ መምህር

የፒኤች 11 ውጤቶችዎ ትክክል ናቸው። አማካይ የመውሰዱ ዘዴም ትክክል ነው፤ ችግሩ ጤናማው ፔፕታይድ እኩል ፒኬኤ ያላቸው ሁለት ግሉታሚክ አሲዶች ያሉት መሆኑ ነው። ከሁለቱ አንዱ ፕሮቶኑን ለቅቆ አንድ ብቻ ሲቀር፣ ያ የቀረው ፕሮቶን በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለት ማረፊያ ስላለው ይህ ሁኔታ በእጥፍ ያህል የመገኘት ዕድል ያገኛል፤ የመጨረሻው ፕሮቶን የሚለቅበት ፒኤችም በሎጋሪዝም 2፣ ማለትም በ0.3 ከፍ ይላል። ስለዚህ አማካዩን የ4.6 እና የ6.5 ቢያደርጉት 5.55 ያገኛሉ፤ ይህም በሙሉ ስሌት ከሚወጣው 5.58 ጋር ይቀራረባል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እነዚህ ፒኬኤዎች የአጫጭር ፔፕታይዶች እንጂ የነጻ አሚኖ አሲዶች አይደሉም። የነጻ ግላይሲን ካርቦክሲል 2.34፣ አሚኑ 9.60 ነው፤ ሁለት ግላይሲኖች ተያይዘው ፔፕታይድ ሲሠሩ ግን የጫፎቹ ዋጋ ወደ 3.1 እና ወደ 8.2 ገደማ ይቀየራል፤ ምክንያቱም ተቀራርበው እርስ በርስ ይረዳዱ የነበሩት ሁለቱ ሙሎች ተራርቀዋል። ከመጽሐፍ ጀርባ ያለውን የነጻ አሚኖ አሲዶች ሠንጠረዥ ለፔፕታይድ ጫፎች መጠቀም ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ነው። በታጠፈ ፕሮቲን ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ያለው ሙል፣ ከውሃ መራቅና የሃይድሮጅን ትስስር ፒኬኤን በብዙ ሊያንቀሳቅሱት ስለሚችሉ የእኛ ስሌት ግምት ብቻ ይሆናል።

መልስ፦ በፔፕታይድና በምግብ ፕሮቲን ላይ የምሠራ

ስለ ማሟሟት ለጠየቁት እኔ ልመልስ። ደንቡ አጭር ነው፤ ከኢሶኤሌክትሪክ ነጥቡ ይራቁ። ሞለኪውሎች የተጣራ ሙል ሲኖራቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ከውሃም ጋር ይስማማሉ፤ ሙላቸው ዜሮ ሲሆን ግን ለመጠጋጋትና አብሮ ለመዝቀጥ የሚያግዳቸው ይቀንሳል። ለዚህ ላብራቶሪ አያስፈልግም፤ እርጎ ሲረጋ ማየት ይበቃል። ትኩስ ወተት ፒኤቹ 6.7 ገደማ ሲሆን፣ ካዜይን የተባለው ዋና ፕሮቲኑ ኢሶኤሌክትሪክ ነጥቡ 4.6 ስለሆነ ኔጋቲቭ ነው፤ ስብስቦቹም እየተገፋፉ ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፈው ይኖራሉ። ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡት ፒኤቹ ወደ 4.6 ይወርዳል፤ የካዜይኑ ሙል ይሟጠጣል፣ ካልሲየም ፎስፌቱም ከስብስቦቹ ይወጣል፣ ካዜይኑ ይያያዛል። እናቶቻችን ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን ለብ አድርገው ሲያሞቁት አይብና አጓት የሚለያዩትም አሲዱ የካዜይኑን ሙል አስቀድሞ ስላጠፋው ሙቀቱ ቀሪውን ስለሚጨርስ ነው።

መድኃኒት ሠሪዎች ይህንኑ መዝቀጥ ሆን ብለው ተጠቅመውበታል። የሰው ኢንሱሊን ኢሶኤሌክትሪክ ነጥቡ 5.4 ገደማ ነው። ኢንሱሊን ግላርጂን የተባለው ግን በቢ ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ሁለት አርጂኒኖች ተጨምረውበት፣ በኤ ሰንሰለቱ 21ኛ ቦታም አስፓራጂን በግላይሲን ተተክቶ፣ ነጥቡ ወደ 6.7 ከፍ ተደርጓል። ብልቃጡ ውስጥ ፒኤቹ 4 ስለሆነ ፖዘቲቭ ሆኖ ጥርት ብሎ ይሟሟል፤ ከቆዳ ሥር ሲወጋ 7.4 ገደማ የሆነውን የሰውነት ፒኤች ስለሚያገኝ ይዘቅጣል፤ ከዚያም ቀኑን ሙሉ በዝግታ እየሟሟ ወደ ደም ይገባል።

ወደ እርስዎ ዱቄት ስመለስ፣ ጤናማው ፔፕታይድ ከፒኤች 7 በላይ ኔጋቲቭ ስለሆነ ቀጠን ባለ የአሞኒየም ባይካርቦኔት ሙሙት ይጀምሩ፤ የሲክል ሴሉ ግን ነጥቡ 7.25 ስለሆነ በቀጭን አሴቲክ አሲድ ቢጀመር ይሻላል። እርግጥ እንደነዚህ ያሉ ባለ ስምንት አሚኖ አሲድ ፔፕታይዶች በየትኛውም ፒኤች ሊሟሙ ስለሚችሉ አይጨነቁ፤ ልማዱ የሚጠቅመው ረጅምና ውሃ የሚጠላ ፔፕታይድ ሲያጋጥምዎ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው ጫፎቹ ተሸፍነው እንደሆነ ነው፤ መነሻው አሴታይል፣ መድረሻው አማይድ ከሆነ የሁለቱም ጫፎች ሙል ከስሌቱ ይወጣል፣ መልሱም ሌላ ይሆናል። ሁለተኛው ዱቄቱ የትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ጨው መሆን አለመሆኑ ነው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ሆነው ይመጣሉ፤ በፈር በሌለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ውሃውን አሲድ ያደርጉታል። ስለዚህ ካሟሙ በኋላ አንድ ጠብታ በፒኤች ወረቀት ላይ አድርገው ይለኩ፤ ስሌትዎ ውስጥ የሚያስገቡትም ያን የለኩትን ቁጥር ይሁን።